ሐዋላ አስታማሚ አይሆንም

የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ለመለየት ቀበሌው ሲሰበሰብ የአንዲት ባልቴት ስም ይነሳል። ጉልበት ከከዳቸው ቆይቷል፤ ማሳቸውን ለእኩል ሰጥተው የሚደርሳቸውን ይጠብቃሉ፤ የሚኖሩትም ብቻቸውን ነው። ስማቸው ሊጻፍ ሲል ከተሰብሳቢው አንዱ «እሳቸውማ ጂዳ ልጅ አለቻቸው» ይላል። ጸሐፊው ወደ ቀጣዩ ስም ያልፋል። ልጅቱ ጂዳ ከገባች ወዲህ ስንት ጊዜ እንደላከች፣ የደላላውን ዕዳ ጨርሳ እንደሆነ፣ አሁን ሥራ ላይ ትሁን እስር ቤት የሚጠይቅ የለም።

ነገሩ የአንድ ቀበሌ ክፋት አይደለም። በ1997 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚ ሲለይ ከሚያያቸው መስፈርቶች አንዱ ቤተሰቡ ከዘመድም ሆነ ከሌላ ወገን በቂ ድጋፍ ማግኘት አለማግኘቱ ነው። መስፈርቱ የታሰበው ለበጎ ነው፤ ጥቂቷ በጀት ለባሰበት እንድትደርስ። ወደ መሬት ሲወርድ ግን «በቂ ድጋፍ የሚያገኝ» የሚለው «ውጭ አገር ልጅ ያለው» ሆኖ ሲነበብ እናያለን። ይህ ዝግጅት ክፍል አሠራሩን ስህተት ነው ይላል። መጣራት ያለበት በእጅ የገባው ገንዘብ እንጂ የልጁ አድራሻ አይደለም።

ስህተቱ ደግሞ ከሴፍቲኔት መዝገብ ያለፈ ነው። ልጆቻቸው የተሰደዱባቸው ወላጆች በመንግሥትም በጎረቤትም ዓይን «የተደላደሉ» ናቸው። በሐዋላ ስንት ዶላር እንደገባ በየጊዜው ሪፖርት ይቀርባል። ስንት ቤት ውስጥ ሁለት አዛውንት ብቻ እንደቀሩ የሚነግረን ግን የለም፤ አገሪቱ የመጨረሻውን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው በ1999 ነውና። ከዚያ ወዲህ ስንት ወጣት በመተማ፣ በጋላፊ፣ በሞያሌና በቦሌ እንደወጣ ማሰብ ነው።

ሐዋላን ልናጣጥል አልተነሳንም። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በውጫሌና በመርሳ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው አዲስ ቆርቆሮ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም። ሆሳዕና ላይ ከቆሙት ፎቆች ጥቂት የማይባሉት የጆሃንስበርግና የደርባን ሱቆች ላብ ናቸው። የስኳር በሽታ መድኃኒት በወቅቱ የሚያገኝ አባት፣ በክረምት የማይርባት እናት፣ ትምህርቱን የጨረሰ ታናሽ ወንድም በዚህ ገንዘብ ቆመዋል። ይህን የሚክድ ሰው የድሃ ቤት አያውቅም።

የሌሎች አገሮች ጥናትም አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ሞልዶቫ የታተመ ጥናት ልጆቻቸው የተሰደዱባቸው አረጋውያን የተሻለ እንደሚመገቡና በአካል እንደሚበረቱ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ሜክሲኮ የወጣው ደግሞ ልጆቻቸው አሜሪካ የገቡባቸው ወላጆች በአካልም በአእምሮም ጤና የባሱ ሆነው አገኛቸው። በእኛ አስተያየት ልዩነቱን ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ በገንዘቡ የሚገዛ አገልግሎት በአካባቢው መኖር አለመኖሩ ነው። ብሩ ደርሶ የሚገዛው ነገር ከሌለ እናትየው ያው ናት፤ በእጇ ብር ይዛ ትተኛለች።

የእኛ አገር ችግር ቁልጭ ብሎ የሚታየው ሆስፒታል በር ላይ ነው። የሕክምና ተቋሞቻችን በይፋ ሳይጻፍ የሚመሩበት አንድ ደንብ አለ፦ በሽተኛ አስታማሚ ይዞ ይመጣል። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ካርድ ክፍል የሚሰለፈው አስታማሚው ነው። የደም ናሙና ይዞ ላቦራቶሪ የሚሮጥ፣ ውጤቱን ተቀብሎ ሐኪሙ ሳይወጣ የሚመለስ፣ መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ሲጠፋ «ከውጭ ይገዛ» የተባለበትን ወረቀት ይዞ ከተማውን የሚያስስ እሱ ነው። ምግብ ከቤት ያመላልሳል፤ በሽተኛውን በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ራጅ ክፍል ይገፋል፤ ማታ ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ ይተኛል። ለቀዶ ሕክምና የሚፈርም፣ ደም ሲያስፈልግ ወዳጅ ዘመድ የሚያስተባብርም እሱ ነው። ነርሷ ወደ ክፍሉ ገብታ መጀመሪያ የምትጠይቀው «አስታማሚው ማነው?» ብላ ነው።

ይህ ሁሉ ሲዘረጋ የታሰበው እያንዳንዱ በሽተኛ ቢያንስ አንድ ጎልማሳ ልጅ እቤቱ እንዳለ ነው። አራት ልጆች ወልደው አንዱ ዳላስ፣ አንዷ ቤይሩት፣ አንዷ ሪያድ፣ አንዱ ደግሞ የት እንዳለ የማይታወቅ ወላጅ ሲመጣ ማሽኑ ይቆማል። ዳላስ ያለው ልጅ በአሥር ደቂቃ ገንዘብ ይልካል። ገንዘቡ የገባው ግን በእናቱ ስም ነው፤ እናትየው አልጋ ላይ ናት፤ የስልኳን የምሥጢር ቁጥር የሚያውቅ የለም። በመጨረሻ ነገሩ የሚወድቀው በቅርቡ ከገጠር መጥታ በተቀጠረች የቤት ሠራተኛ ላይ ነው። ከሐኪም ጋር የምትነጋገረው፣ የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ የምታስታውሰው እሷ ትሆናለች። ልጅቱን አንወቅስም። እንዲያውም የብዙ ባለጸጋ ዳያስፖራ ወላጆች ዕድሜ በእሷ ጥንቃቄ ላይ መንጠልጠሉን የሚያህል ምስጋና ያልተከፈለው ነገር የለም።

በ2003 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለብዙ አረጋዊ ትልቅ እፎይታ ሆኗል። ሆኖም መድኑ የሚያስኬደው በደረጃ ነው፦ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር፣ ከዚያ ሆስፒታል። ጉልበታቸው ለተያዘ የሰባ አምስት ዓመት ሰው እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ቀን፣ አንድ ባጃጅና አንድ የሚደግፍ ትከሻ ይፈልጋል። መክፈል ለማይችሉ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል፤ የነሱ ዝርዝር ሲዘጋጅም ያው «ውጭ ልጅ አላት» የሚለው ነገር ይከተላል።

ይህን ሁሉ ልጆቹ አያውቁም፤ እንዳያውቁም ይደረጋል። እናት በኢሞ ስትደውል ስልኩን ከፍ አድርጋ የምትይዘው ፊቷ ብቻ እንዲታይ ነው፤ ያበጠው እግሯ ከታች ይቀራል። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ» ትላለች። ልጅቱም ከአሠሪዎቿ ወጥ ቤት ጥግ ቆማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ደህና ነኝ እማ» ትላለች። ደመወዟ ሦስት ወር እንዳልተከፈላት አትነግራትም። ሁለቱም የሚዋሹት በፍቅር ነው። ግን ውሸቱ ዋጋ አለው፤ በጊዜ ቢታይ በክኒን ይመለስ የነበረ የደም ግፊት ልጆቹ የሚሰሙት አንድ ጎን ሽባ ከሆነ በኋላ ነው። መርዶም እንዲሁ ነው። ዘመድ በማለዳ ተሰብስቦ በወጉ የሚያረዳው ነገር ዛሬ ፌስቡክ ቀድሞ ያደርሰዋል፤ ባዕድ ቤት ውስጥ ወለል እየወለወለች ሳለ የእናቷን ፎቶ ከ«ነፍስ ይማር» ጋር ያየች ልጅ ጥቂት አይደለችም።

አንድ ሌላ ነገር ሳናነሳ አናልፍም። የተሰደደ ልጅ ወላጅ ሁልጊዜ ተረጂ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የልጁ ሠራተኛ ነው። ዓረብ አገር የሄደች እናት የሁለት ዓመት ሕፃኗን ለአያት ትታ ትሄዳለች፤ አያት በስድሳዎቹ ዕድሜዋ እንደገና ዳይፐር ትቀይራለች፣ ትምህርት ቤት «ወላጅ ይምጣ» ሲል ተንጠልጥላ ትሄዳለች። አውሮፓ ያለው ልጅ ቦታ ገዝቶ ቤት ማሠራት ሲጀምር ደግሞ ውክልናው ለአባት ይላካል። ጡረታ የወጣ መምህር የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ሲያጣራ፣ ከግንበኛ ጋር ሲጨቃጨቅ፣ ሳይት ላይ አሸዋ ሲጠብቅ ይውላል። ቤቱ ሳያልቅ ገንዘቡ ሲያልቅ «ብሬን በላህብኝ» የሚል ነገር በስልክ ይመጣል። አባትና ልጅ ለዓመታት የተኳረፉበት ቤት በየሰፈሩ አለ። ልጆች ሆይ፣ ተቋራጭ ቅጠሩ፤ አባታችሁን ተዉት።

ገንዘቡ ወደ ኋላ የሚፈስበት ጊዜም አለ። በየመንና በሊቢያ በረሃ አጋቾች ልጁን እየገረፉ ጩኸቱን ለእናቱ በስልክ ያሰማሉ፤ ከዚያ የሚከፈለውን መጠን ይናገራሉ። መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም፤ በወለድ አገድ ይያዛል፣ ለረጅም ዓመት ይከራያል። በሬው ይሸጣል። የዘመድ ወርቅ ይሰበሰባል፤ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ በር ጨርቅ ተዘርግቶ ይለመናል። ይህ ከእናት ወደ ልጅ የሚሄድ ገንዘብ በየትኛውም የሐዋላ ሪፖርት ላይ አይታይም። ልጁ ቢለቀቅ እንኳ ቤቱ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ተመልሷል፤ ያ ቤት ግን በቀበሌው መዝገብ አሁንም «ውጭ ልጅ ያለው» ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። መጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለች ግዛት የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። ሚያዝያ 2007 በሊቢያ የታረዱት ወጣቶች ዜና ሲሰማ ጨርቆስ ሰፈር ድንኳን ተተከለ፤ አገር በሙሉ ለቅሶ ደረሰ። እነዚያ ወላጆች መከራቸው ቢከብድም የሚያለቅሱበት ቀን ነበራቸው። ልጁ ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ ከተነሳ ወይም ሜዲትራኒያንን ሊሻገር ከገባ በኋላ ድምፁ የጠፋበት ወላጅ ያም የለውም። ለቅሶ አይቀመጥም፣ ተዝካር አያወጣም፣ ተስፋም አይቆርጥም። ስልክ ቁጥሩን መቀየር ይፈራል። የቀይ መስቀል ማኅበር የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማገናኘት አገልግሎት አለው፤ ወረዳዎች ለእነዚህ ወላጆች ይህን እንኳ ቢነግሩና ማመልከቻ ቢሞሉላቸው ትልቅ ነገር ነው።

ጥፋቱን ወደ ልጆቹ የሚያዞር አለ። «የዛሬ ልጅ ጨካኝ ነው፤ በሕግ ይገደድ» የሚሉንን ሰምተናል። ሕጉማ አለ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ወላጅና ልጅ አንዱ ሌላውን የመቀለብ ግዴታ እንዳለባቸው ደንግጓል። ሪያድ ላለች ልጅ መጥሪያ የሚያደርስ የቀበሌ ሚሊሻ ግን የለም። ቻይና እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2013 ጀምሮ ልጆች ወላጆቻቸውን ዘወትር እንዲጠይቁ በሕግ አዛለች፤ በአንድ አገር ውስጥ ለሚኖሩ ልጆች እንኳ እንዲህ ያለ ሕግ ማስፈጸም አስቸጋሪ ነው። የእኛ ልጆች የተበተኑት ደግሞ እንዳሻቸው መመላለስ በማይችሉበት ሁኔታ ነው። የሳዑዲ የቤት ሠራተኛ ኮንትራቷ የሁለት ዓመት ነው፤ ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2021 አሠሪ መቀየርንና ከአገር መውጣትን ያቀለለችበት ማሻሻያም የቤት ሠራተኞችን አልጨመረም። ጀርመን ጥገኝነት የጠየቀ ወጣት አገሩ ቢመለስ ጉዳዩ ይበላሻል። ጎንደር ውስጥ ደግሞ ልጆቻቸው እስራኤል ከገቡ ዓመታት ያለፉ፣ የእስራኤል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 ቀሪዎቹን አመጣለሁ ብሎ ከወሰነ በኋላም ሲጠብቁ የቆዩ ወላጆች አሉ። እዚያ መለያየቱን የወሰነው ልጅ አይደለም።

ይህ ማለት ልጅ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ፓስፖርቱም ትኬቱም ኖሮት ለዱባይ ሽርሽር ጊዜ የሚያገኝ፣ እናቱን ለማየት ግን ስምንት ዓመት «ሥራ በዛብኝ» የሚል አለ። ለእሱ የምንለው እሱ ራሱ ያውቀዋል።

የአደባባዩ ጥፋት ግን የመንግሥት ነው፤ ፍርዳችንም እዚያ ላይ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይረዳ ዘንድ ያዛል። ልጅ ላላቸው አይረዳም የሚል ቃል የለበትም። የጡረታ ነገርም ይታወቃል፦ የግል ድርጅት ሠራተኛ በአዋጅ ጡረታ ያገኘው በ2003 ነው፤ ገበሬው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ ሸማኔው ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው የሚቆረጥላቸው የለም። ለእነዚህ ሰዎች ልጅ ጡረታ ነበር። መንግሥት ልጁን በአዋጅ ቁጥር 923/2008 እና በማሻሻያው በ1246/2013 መሠረት በሕጋዊ መንገድ ሲያሰማራ የዚያን አዛውንት ጡረታ አብሮ አሰማርቷል። ስለዚህ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብሎ እጁን ሊታጠብ አይችልም።

በአስተዳደሩ በኩል የሆነውንም ልብ ይሏል። እስከ 2014 መጀመሪያ ድረስ ለውጭ አገር ሥራ ስምሪትና ለአረጋውያን ጉዳይ ኃላፊው አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር። በአዋጅ ቁጥር 1263 ግን ስምሪቱ ወደ ሥራና ክህሎት፣ አረጋዊው ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሄደ። አንደኛው ስንት ሰው እንደላከ ይቆጥራል፤ ሁለተኛው ስንት አረጋዊ ደጋፊ እንደሚያስፈልገው ይቆጥራል። ሁለቱ መዝገቦች ሲገናኙ አላየንም። ተጓዥዋ ስትመዘገብ በዚያው ቅጽ ላይ «ወላጆችሽ የት ይኖራሉ? አብሯቸው ማን አለ?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ቢጨመሩና መልሱ ለሚኖሩበት ወረዳ ቢላክ ወጪው ስንት ነው? በየቀበሌው ለምትገኘው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብቻቸውን የቀሩ አዛውንት ዝርዝር ቢሰጣት ለሕፃን ክትባት ስትወጣ በዚያው በር አንኳኩታ የደም ግፊት ትለካለች።

ፊሊፒንስ ዜጎቿን ለውጭ ሥራ በማሰማራት ከእኛ በብዙ ትቀድማለች። ለተሰማሩት ሠራተኞች ደኅንነት የቆመ መሥሪያ ቤት አላት፤ ለአንድ ኮንትራት 25 ዶላር የአባልነት ክፍያ ይሰበስባል። የአገሪቱ የጤና መድን ደግሞ ዕድሜያቸው 60 የሞላ ወላጆችን የአባሉ ጥገኛ አድርጎ ይመዘግባል። ሁሉም ነገር እዚያ ሰምሯል አንልም። ሆኖም ስደተኛው ወላጅ እንዳለው የተረዳ ሥርዓት ነው። የእኛ የጤና መድን መዋጮ በዓመት አንዴ ይሰበሰባል፤ ከሪያድ ወይም ከሲያትል የእናቷን መዋጮ በቀጥታ ለወረዳው የምትከፍልበት መንገድ ለመዘርጋት ቴሌብርም ባንክም ባለበት አገር ሰበብ የለም።

ከሁሉ በፊት ግን ሆስፒታሎች ይጠየቃሉ። አስታማሚ የሌለው በሽተኛ ሲመጣ ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ካርድ ከማውጣት እስከ መድኃኒት ድረስ የሚሮጥለት አንድ የተመደበ ሠራተኛ ይኑር። ልጁ ከፍሎ የሚያገኘው አገልግሎት ቢሆን እንኳ አንቃወምም፤ የሚልክ ልጅ ያለው ይክፈል፣ የሌለው በነጻ ይገልገል። ዛሬ በሆስፒታል ግቢ በቀን ሒሳብ የሚያስታምሙ ሰዎች አሉ፤ ማንነታቸውን የሚያውቅም፣ የሚያሠለጥንም፣ በሽተኛው ሲበደል የሚጠይቅም የለም። ሥራው ቀድሞ ተፈጥሯል፤ የጎደለው ደንቡ ነው።

እድሮችም ከዚህ አይወጡም። እድር ለሞተ ሰው ድንኳን፣ ወንበር፣ ገንዘብና ቀባሪ ያለ አንድ ጉድለት ያቀርባል። ያው አባል ከመሞቱ በፊት ሦስት ወር አልጋ ላይ ሲማቅቅ ግን ለእድሩ ገና ጉዳይ አልሆነም። አንዳንድ እድሮች ለአረጋውያን አባሎቻቸው በሕይወት ሳሉ መድረስ ጀምረዋል፤ ሌሎቹም ይከተሏቸው። በተራ የሚጠይቅ፣ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ሰው መመደብ፣ ውጭ ያሉ ልጆችን በወላጆቻቸው ስም ለዚህ አገልግሎት ተጨማሪ መዋጮ ማስከፈል ይቻላል። የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ የሚያሻሽለው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ለዚህ የማንም ሚኒስቴር ደብዳቤ አያስፈልግም።